ጎማውን ማን ይገዛል?

ጥር 4 ቀን 2017

በአንድ ቀን ለሁለት ራሊ ተጠራሁ። እኔ፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሜዳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» እያልኩ የምጮኸው የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ።

አንደኛው ጥሪ የወንድሜ የሠርፀ ነው። እሱ ጸሐፊ የሆነበት የደጉ ጉዞ ማኅበር በመጋቢት ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ በአምቦ፣ በባኮና በነቀምቴ አድርጎ እስከ ጊምቢ የሚሄድ የበጎ አድራጎት የመኪና ጉዞ ያዘጋጃል። ተሳታፊዎቹ ከየወዳጃቸው ገንዘብ ሰብስበው፣ መኪናቸውን አስጊጠው ይነዳሉ፤ የተሰበሰበው ለተቸገረ ይውላል። የማኅበሩ ሰዎች በነፃ ነው የሚያገለግሉት።

ሁለተኛው ሩቅ መንገድ ከሚባል የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። መንገዱ ያው፣ ወሩም ያው። ይሄኛው ግን ያተርፍበታል። ደዋዩ ነብዩ ይባላል። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ፤ «እኛ የንግድ ድርጅት ነን እህቴ። ከመመዝገቢያው ላይ ድርሻ እንወስዳለን። ቀድመሽ እወቂው ብዬ ነው።»

ለሠርፀ ስነግረው ሳቀ። «በተቸገረ ስም የሚነግድ ሰው ቀድሞ ስለነገረሽ ንግዱ ቀረ?»

አናደደኝ።

ጥር 7

ኬኔ ደወለች። ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ ከአያና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ጨለለቂ ሰፈር አንድ አጥር ተጋርተን፣ አንድ ክፍል ተምረን ነው ያደግነው። እሷ ጴንጤ፣ እኔ የኪዳነምሕረት ልጅ፤ እናቶቻችን ግን አንዳቸው በሌላኛዋ ቤት ሳያንኳኩ የሚገቡ ነበሩ።

«ያ አስካሉ! ነጉማ?» አለች እንደ ልማዷ፤ ሰላም ነሽ ወይ ማለቷ ነው። ስለ ራሊው ስነግራት ጮኸች። «አንቺ ንጂ! እኔ አጠገብሽ ሆኜ እዘምራለሁ።»

«አንቺ ከምትዘምሪ ሞተሩ ቢያንኳኳ ይሻለኛል።»

የትኛውም ራሊ ውስጥ ብንገባ የምንሰበስበው ለአንድ ነገር ብቻ እንዲሆን ተስማማን፤ ለእሷ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ። ለጊዳ አያና ወረዳ ሁሉ አይደለም፣ «ለእናቶች» በሚል ስምም አይደለም። አንድ አምቡላንስ፣ እዚያ በር ላይ የሚያድር።

ከዚያ «መጥተሽ ብናወራው ምናለ? ከጥቅምት ወዲህ አልመጣሽም» አለች።

የመኪናዬ ፍሬን መታየት አለበት አልኳት። እውነትም መታየት አለበት።

ጥር 12

ታቦት ልንሸኝ ወጥተን ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። «የሠርፀ እህት ለነጋዴ ልትነዳ ነው አሉ።» «ውይ! ወንድሟ በነፃ ሲደክም?»

ገና አልመረጥኩም! ዞሬ እንዲህ ልላቸው ነበር፤ እልልታው ከፍ አለና ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥር 19

ማኅበሩ ስብሰባ ጠራኝ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው። የአባቴ ወዳጅ፣ በከተማው የተከበሩ የእህል ነጋዴ። አባባ ሲሞት የእኔን የትምህርት ቤት ክፍያ ሁለት ዓመት የከፈሉ ሰው። ይህን ቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች ያለውን ሳነብ እሳቸውን እንዳልረሳ ነው።

ሻይ ቀረበ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ተወራ። ከዚያ «በይ ልጄ፣ መቼ ትመዘገቢያለሽ?» አሉኝ።

«ጥያቄ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ጠይቂ።»

«እኔና ኬኔ የምንሰበስበው የት ነው የሚሄደው?»

«ኮሚቴው ይወስናል። ከሌላው ጋር ተደምሮ ለባሰበት ይሰጣል።»

«እኛ ለአያና ብለን ነው ከሰው የምንለምነው።»

«ተቸገረ የተባለ ሁሉ ተቸግሯል፤ ማማረጥ ደግ አይደለም።»

ሠርፀ በጠረጴዛው ስር እግሬን ነካ አደረገኝ። ቀጠልኩ። «መኪና መንገድ ላይ ቢሰበርስ? ሰው ቢጎዳስ? ኢንሹራንስ አለ?»

«እስካሁን እግዚአብሔር ጠብቆናል።»

«ያለፈው ዓመት የሰጣችሁት ፒክአፕ የት ነው ያለው?»

ጋሽ ተክለጻድቅ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ሰጥተናል። ፎቶው አለ።»

«መስጠታችሁንማ አውቃለሁ። አሁን የት ነው?»

«ከሰጠን በኋላ የተቀባዩ ነው እንግዲህ።»

አይቼዋለሁ አልኳቸው። በኅዳር ለፈተና ተማሪዎች ይዤ በጊምቢ መንገድ ስሄድ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሞ። መስታወቱ ላይ የማኅበሩ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ዶሮ ከሥሩ ተኝታለች።

«ሌባ ነህ ነው የምትይኝ፣ አስካለ?»

«የለም ጋሼ። ማንም አልሰረቀም። ጎማው ሲያልቅ ማን ይገዛል ብሎ ያሰበ ሰው ነው የጠፋው።»

«እኛ አንድ ሳንቲም አንወስድም!» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል፣ ጠረጴዛውን መትቶ።

«አውቃለሁ። ለዚያ እኮ ነው የሚጠይቃችሁ የሌለው።»

ይህቺን ባላልኳት። አይ፣ እንኳን አልኳት። አላውቅም።

ስንመለስ ሠርፀ ከፊቴ ፈጥኖ ሄደ። ቤቱ በር ላይ ሲደርስ፣ «ያስተማሩሽ ሰው ናቸው» አለ። «ያስተማሩኝማ እንድጠይቅ አይደለም?» አልኩት። በሩን ዘግቶብኝ ገባ።

ጥር 20

ተማሪዎቹ ላይ ስጮህ ዋልኩ። አንዷን አስለቀስኳት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ጥር 28

ነብዩ ከአዲስ አበባ መጣ። ኬኔም ለሥልጠና ነቀምቴ ስለነበረች ሦስታችን ምሳ በላን። ጫማው ያብረቀርቃል፤ አስፋልቱን ተሻግሮ አቧራ ሲነካው ሦስቴ ጠረገው። በዚህ ብቻ ልጠላው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለማኅበሩ ያቀረብኩትን ጥያቄ አንድ በአንድ አቀረብኩለት። ከመመዝገቢያው ስንት እንደሚወስድ ፊት ለፊት ነገረኝ፤ ትንሽ አይደለም። ኢንሹራንስ አለ። ከኋላ የሚከተል የብልሽት መኪና አለ። ቡድኑ የመረጠው ቦታ ነው ስጦታው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አምስት ቡድኖች ለአያናው አምቡላንስ ከእኛ ጋር ሊደምሩ ፈቅደዋል።

«ጎማውስ?» አለች ኬኔ።

«ሁለት ዓመት ጥገናው ከእኛ ነው። ነቀምቴ ካለ ጋራዥ ጋር እንዋዋላለን።» ፈገግ አለ። «ቅዱስ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። የሰጠሁት መኪና ቆሞ ከታየ የሚቀጥለው ዓመት ማን ይመዘገብልኛል?»

ይህ መልስ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አበላሸው። «አንቺ ጥሩ ታሪክ ነሽ፣ አስካለ። ሴት ሹፌር፣ የገጠር እናቶች። አልጋቸው አጠገብ ሆነሽ ብንቀርጽሽ…»

«ታሪክ አይደለሁም።»

«የእናቶች ፊት አይቀረጽም» አለች ኬኔ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አንዲትም።»

«ስፖንሰሮች ፊት ይፈልጋሉ፣ ሲስተር።»

«የኔን ፊት ይውሰዱ። ይኸው።» ጉርሻዋን አስቀምጣ ፊቷን ወደሱ አዞረች። አፏ ዙሪያ ወጥ ነበረባት። ነብዩ ሳይወድ ሳቀ።

እናት እንዳትቀረጽ፣ ርክክቡም አያና ላይ እንዲሆን በውሉ ላይ አጻፍን።

የካቲት 2

ከሩቅ መንገድ ጋር ፈረምን። ለሠርፀ ራሴ ሄጄ ነገርኩት፤ ከሰው እንዳይሰማ።

«ነጋዴ መረጥሽ» አለ።

«የጠየቅኩትን የመለሰልኝን ነው የመረጥኩት።»

«ነገ ትርፉ ካላዋጣው ጥሎሽ ይሄዳል። እኛ ግን እዚሁ ነን። ስትታመሚም፣ ስትሞቺም።»

«ስሞት የምትቀብሩኝ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሠርፀ። እኔ የምጠይቀው በሕይወት ስላሉት ነው።»

ሚስቱ ከጓዳ ሰማችን። እንጀራ አቀረበችልኝ። ሳልበላ ወጣሁ፤ ይሄ ግን ነውር ነበር።

የካቲት 5

ሦስት ተማሪዎች ሌላ ማሠልጠኛ ገቡ። ሦስቱም የኮሚቴው ቤተሰብ። ይሂዱ! አንዱማ ፍሬንና ነዳጅ አይለይም ነበር።

የካቲት 11

ገበያ ገብቼ ለመዋጮ ስዞር አዴ ድርቤ፣ ጎመን ሻጯ፣ ከደረት ኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ። አጠገቧ የነበረ ሰው ጣልቃ ገባ። «አንቺ የነቀምቴ ልጅ ነሽ። ለአያና ምን አገባሽ? ደግሞ ለየትኛው ሰፈር ሰው ነው አምቡላንሱ?»

አዴ ድርቤ በኦሮምኛ ጠመደችው። «ምጥ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚመጣው? ንገረኝ እስቲ!» ገበያው ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ቤት ገብቼ እስካሁን ቁጭ ብያለሁ። አልጽፈውም ያልኩትን ልጽፈው ነው።

በጥቅምት ኬኔን ልጠይቅ አያና ሄጄ ነበር። ልመለስ ስል ሮጣ መጣች። ሲና የምትባል ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ሃያ ዓመት አልሞላትም። መኪና የለም። የእኔ አለች፤ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ጣሪያዋ ላይ የተሰካባት። ከኋላ አስተኛናት። ኬኔ በሁለት እጇ ሆዷን ተጭና ይዛት፣ ባሏ እግሯን ታቅፎ።

በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። የቀደምኩት መኪና ሁሉ ሰሌዳውን እያየ ይስቅብኝ ነበር። አንገር ጉቴን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ኬኔ፣ «ቀስ በይ፣ አስካሉ» አለችኝ።

«ለምን ቀስ እላለሁ?»

«አሁን መፍጠን አያስፈልግም።»

ባሏ አማርኛ አይሰማም። ማንም አልነገረውም። እግሯን እንደታቀፈ እስከ ኡኬ ሄድን።

ይኸው ጻፍኩት። ራሊው ከዚህ ጋር አይገናኝም። ለአካባቢው ሰው ሁሉ የሚሆን ሥራ ነው የምሠራው። ፍሬኑም ተሠርቷል፤ ተማሪ በዝቶብኝ ነው አያና ያልሄድኩት።

የካቲት 20

ጾሙ ከገባ ወዲህ ራሴን ያመኛል። ኬኔ በስልክ «እኔ ስለአንቺ እንቁላል እየበላሁ እጸልያለሁ» ትለኛለች። የእሷ ቸርች መዘምራን አዋጡ። የኪዳነምሕረት ሰንበቴም አዋጣ። ትናንት ደግሞ ባቻ መጣ፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የደጉ ጉዞ አባል። «ለማኅበሬም እነዳለሁ፣ ላንቺም እሰጣለሁ። ያን ፒክአፕ እኔም አይቼዋለሁ» አለኝ። ለምን በስብሰባው አልተናገርክም አላልኩትም።

መጋቢት 1

ነብዩ ደወለ። ኢንሹራንሱ ለጸጥታው ፈርቶ የአያናን መንገድ አልሸፍንም ብሏል። ርክክቡ ነቀምቴ አደባባይ ላይ ይሁንና ጤና ጣቢያው መጥቶ ይውሰድ አለኝ።

ሜዳው መሃል ቆሜ ጮህኩበት። «በውሉ ላይ አለ!»

«አለ። ግን ሠላሳ መኪና ይዤ ገብቼ አንድ ሰው ቢጎዳብኝ፣ አንቺ ራስሽ ምን ትይኛለሽ?»

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ሠርፀ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ወደ ማታ መጣ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «እኛ ግን አያና እንገባ ነበር» አለ ብቻ።

«ያለ ኢንሹራንስ?»

«ያለ ኢንሹራንስ።»

«እሱ ይፈራል፣ እናንተ አታስቡም። እኔ መሃል ላይ ምን ላድርግ?»

ከልቡ አሰበ። «አላውቅም» አለ። ወንድሜ «አላውቅም» ሲል በሕይወቴ የሰማሁት ዛሬ ነው።

መጋቢት 3

ለነብዩ ደወልኩለት። አልጮህኩም። «ሠላሳው መኪና ይቅር። አምቡላንሱ ብቻ ይግባ። ለአንድ መኪናና ለአንድ ሹፌር መድን ግዛ፤ ከእኛ መዋጮ ሳይሆን ከራስህ ድርሻ። አተርፋለሁ ብለሃል። ትርፍ የሚከፈልህ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ መላ እንድታመጣ ነው።»

«ሹፌሩ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

አፌ ነው ያለው። ከዘጋሁ በኋላ ከጎማ ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 5

ነብዩ፦ «ሌላ ኢንሹራንስ ተገኝቷል። ውድ ነው። ትርፌን በላሽው።» ደስ ያለው ይመስላል፣ ወይም ተስፋ ቆርጧል።

ኬኔ በአያና መንገድ ዳር ያሉ የየመንደሩን ሽማግሌዎች አነጋገረች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። ሁሉም ኑ ብለዋል።

መጋቢት 8

የደጉ ጉዞ መኪኖች በከተማችን አለፉ። ያምሩ ነበር። ባቻ ክላክስ አደረገልኝ። ተማሪዎቼን ይዤ አስፋልት ዳር ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ያየኝ ሰው ይየኝ። ሠርፀ ከፊተኛው መኪና ላይ ነበር። እጁን አላነሳም፤ ግን አየኝ።

መጋቢት 15

የተገዛውን አምቡላንስ እየነዳሁ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ገባን። ደክሞኛል። ባኮ ላይ አንዱ መኪና ተበላሸ፤ የብልሽት መኪናው አንስቶት ቀጠልን። አምቡላንሱ መሪው ለስላሳ ነው፣ ፍሬኑም የሚታመን። ነገ አያና።

ፍሬኑን ሁለቴ ፈተሽኩት።

መጋቢት 17

ከእንቅልፌ ስነቃ ከሰዓት ሆኖ ነበር። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት በጠዋት ከኬኔ ጋር ተነሳን። ነብዩና ካሜራው በሌላ መኪና ከኋላ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። «ትርፌን ያስበላኝን ቦታ ልየው ብዬ ነው» አለ። ኡኬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ያለ ምክንያት ፍሬን እረግጥ ጀመር። ኬኔ አየች። መዘመር ጀመረች፣ ከቅኝቱ ወጥታ፣ በዚያ በሚያስጠላ ድምጿ። አቁሚ አላልኳትም።

ጤና ጣቢያው ግቢ ድንኳን ተተክሏል። እንግዶች ተደርድረዋል፤ አምቡላንሱ አፍንጫ ላይ ቀይ ሪባን ከግንድ ወደ ግንድ ተወጥሮ ታስሯል። ንግግር ተጀመረ። ሁለተኛው ተናጋሪ ወረቀቱን ሳይጨርስ አንድ ሰው ከጤና ጣቢያው ወጥቶ ኬኔን በጆሮዋ አናገራት። ገባች። ስትወጣ ፊቷን አየሁና ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሕብረት ትባላለች። ከማዶው የአማርኛ ተናጋሪዎች መንደር በቃሬዛ ያመጧት ናት። ምጧ ከትናንት ወዲያ የጀመረ፣ ሕፃኑ ተጋድሟል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ ያ ያለው ነቀምቴ ነው።

አስተናባሪው መንገዴ ላይ ቆመ። «አዴ አስካለ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። ሪባኑ ይቆረጥ፣ ቁልፉ በክብር ይሰጥ…»

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው።»

«እንግዶቹስ?»

«እንግዶቹ ቃሬዛውን ይያዙ!»

ሁለቱ በእርግጥ ያዙ፤ ከነሙሉ ልብሳቸው። ነብዩ ካሜራ የያዘውን ልጅ ክንድ ይዞ ካሜራውን ወደ መሬት አወረደው። አየሁት። ሞተር አስነሳሁና በሪባኑ ውስጥ አለፍኩ። መስታወቱን ጠፍ አድርጎ ተበጠሰ።

መንገዱን አልተርከውም። ሕብረት አንዳንዴ ትጮኻለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል በመስታወት ወደ ኋላ አያለሁ። አንገር ጉቴን አለፍን። ዳገቱን ጀመርን። ኬኔ ከኋላ ስሜን ጠራችኝ።

«አስካሉ!»

«ምን?»

«ፍጠኚ!»

እያለቀስኩ ፈጠንኩ። መስታወቱ ከውጭ ደረቅ ነበር፤ እኔ ግን ዝናብ የመጣ ይመስል በእጄ እጠርግ ነበር።

ወንድ ልጅ። እናትየውም አለች። ዐይኗን ገልጣ የመጀመሪያ ንግግሯ «ጫማዬስ?» ነበር። አያና ቀርቷል አልናት።

መጋቢት 19

ሠርፀ ሆስፒታል መጣ፤ ብርቱካን ይዞ፣ ለማያውቃት ሴት። ሕብረትን እንኳን ማርያም ማረችሽ አላት። ከዚያ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

«ጋሽ ተክለጻድቅ ውልሽን ለማየት ይፈልጋሉ» አለ። «የሚቀጥለውን ጉዞ ውል እንደዚያ እንጻፍ ብለዋል።»

«ራሳቸው ይጠይቁኝ።»

«ኩራተኛ ነሽ።»

«ነኝ።»

ብርቱካን እየላጠ ሳቀ። ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። እስካሁን ስለራሊው ይቅርታ አልተባባልንም።

ያኔ ስልኬ ጠራ፤ ነብዩ ነው። እንግዶቹ ቅር ብሏቸዋል፣ ስፖንሰሮቹም አንድ ፎቶ እንኳ አላገኙም። «እሁድ እንድገመው አስካለ። ሪባኑ እንደገና ይታሰራል፣ አንቺ ቁልፉን ስታስረክቢ ፎቶ ይነሳል፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። እለምንሻለሁ።»

«አምቡላንሱ እሁድ ሥራ ላይ ነው።»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ…»

ሠርፀ እጁን ዘረጋ። ምን ሊል እንደሆነ ሳላውቅ ስልኩን ሰጠሁት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስብሰባ ሲከፍት እንደሚያደርገው።

«ወንድሟ ነኝ» አለ። «አትመጣም።»

ዘጋውና ስልኩን መልሶልኝ ሁለተኛውን ብርቱካን መላጥ ጀመረ።